ደቻቱ ከመድረሱ በፊት

ከጎርፍ የማሸሽ ዕቅድ ማለት ውኃው ሳይደርስ ማን ከየት ተነሥቶ፣ በየት በኩል አልፎ፣ ወዴት እንደሚወጣና ማን እንደሚቀሰቅሰው አስቀድሞ የሚወስን ሥርዓት ነው። በውቅያኖስ ጠረፍ ያሉ ከተሞች እንዲህ ያለውን ዕቅድ የሚያዘጋጁት ለአውሎ ነፋስና ነፋሱ ገፍቶ ለሚያመጣው ማዕበል ነው። ድሬዳዋ ባሕር የላትም። ያላት ደቻቱ ነው።

ደቻቱ የዓመቱን አብዛኛውን ቀን ደርቆ የሚውል የአሸዋ ወንዝ ነው። ሰው በእግሩ ይሻገረዋል፣ ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል፣ ለግንባታ የሚሆን አሸዋ ይታፈስበታል። ከተማዋ የተቆረቆረችው የጅቡቲው ባቡር በ1895 ዓ.ም ከሥፍራው ሲደርስ ነው፤ ከዚያ ወዲህ በወንዙ ግራና ቀኝ አድጋ ከዚራ የተባለው ሰፈር በአንዱ ዳር፣ መጋላ የተባለው በሌላው ዳር ሆነዋል። ድሬዳዋ ያለችው ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ በስተደቡብ በኩል የደንገጎና የአካባቢው ተራሮች ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍ ይላሉ። ይህን ያህል ቁልቁለት ያለው በአጭር ርቀት ውስጥ ነው። ገደሉ ራቁቱን በመሆኑ ደጋው ላይ የወረደው ኃይለኛ ዝናብ መሬት ውስጥ ለመስረግ ፋታ አያገኝም፤ ከየሸለቆው ተጠራቅሞ ወደ ደቻቱ ይወርዳል። በዚህ ምክንያት ከተማዋ ላይ ጠብ ሳይል ወንዙ ሊሞላ ይችላል። ለዚህ ዓይነቱ ጎርፍ አማርኛ ራሱ ስም አለው፤ ደራሽ ውኃ ይባላል።

ሐምሌ 29 ቀን 1998 ዓ.ም ለ30 አጥቢያ የሆነው ይኸው ነው። ሰው ተኝቶ ሳለ ደቻቱ ከአፍ እስከ ገደፉ ሞልቶ ወደ ቤቶች ገባ። ከ250 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ ብዙዎች የገቡበት ሳይታወቅ ቀረ፤ በሺህ የሚቆጠሩ ነዋሪዎች ቤት አልባ ሆኑ። ስጋቱ የክረምት ብቻም አይደለም። በሚያዝያ 2012 ዓ.ም የበልግ ዝናብ ያመጣው ጎርፍም በከተማዋ ሰው ገድሏል።

ደቻቱ ከተማዋን በመታበት በዚያው በ1998 ዓ.ም፣ በመስከረም፣ የአሜሪካዋ ሂዩስተን ሪታ የተባለውን አውሎ ነፋስ ሸሽታ ነበር። ከከተማዋና ከአካባቢው ከሁለት ሚሊዮን በላይ ሰው ባንድ ጊዜ መንገድ ላይ ወጣ፤ መኪናው በሙቀት ውስጥ ለብዙ ሰዓታት ተቋጥሮ ቆመ፤ ወደ 100 የሚጠጉ ሰዎች ነፋሱ ሳይነካቸው በጉዞው ሞቱ። አውሎ ነፋስ ከቀናት በፊት በሳተላይት ይታያል፤ ጊዜ ይሰጣል፣ የሚያስኬደው ርቀት ግን ረጅም ነው። የደቻቱ ነገር የዚህ ተቃራኒ ነው። ጎርፉ የሚሰጠው ጊዜ በደቂቃ የሚቆጠር ነው፤ መራቅ የሚያስፈልገው ግን ብዙውን ጊዜ ከወንዙ ዳር ጥቂት መቶ ሜትሮች ወደ ከፍታው ነው። ይህም ማለት የድሬዳዋ ነዋሪ ለመዳን መኪና አያስፈልገውም፤ የሚያስፈልገው በጊዜ መንቃትና መንገዱን ማወቅ ነው። ዕቅዱ ሁሉ የሚያጠነጥነው በዚህ ላይ ነው።

የመጀመሪያው ሥራ ሰዓቱን ማስላት ነው። በሴኮንድ 3 ሜትር የሚጓዝ ጎርፍ በአንድ ሰዓት ወደ 11 ኪሎ ሜትር ይሄዳል። ውኃው ከከተማዋ 11 ኪሎ ሜትር ላይ ታየ ቢባል ለሁሉ ነገር ያለው ጊዜ 60 ደቂቃ ነው። ያየው ሰው ስልክ እስኪደውል 10 ደቂቃ፣ ኃላፊው አረጋግጦ እስኪወስን 15 ደቂቃ፣ ወሬው ሰፈር እስኪደርስ 15 ደቂቃ ቢወስድ፣ ልጅ አንሥቶ፣ አሮጊት እናት ደግፎ ለመውጣት የሚቀረው 20 ደቂቃ ብቻ ይሆናል። ስለዚህ ጥሩ ዕቅድ ከሁሉ በፊት የሚያሳጥረው የውሳኔውን ጊዜ ነው። ወንዙ በላይኛው ጫፍ ከተተከለው ምልክት እዚህ ድረስ ከሞላ ‹‹ውጡ›› ይባላል ተብሎ በጠራራ ፀሐይ ከተወሰነ፣ በሌሊት ስብሰባ አያስፈልግም።

ሁለተኛው ካርታው ነው። ከዚህ ቀደም ውኃ የገባባቸው ቤቶች፣ የወንዙ መታጠፊያዎች፣ ዝቅተኛ መተላለፊያዎችና ዳር ዳሩን ያሉ ገበያዎች ተለይተው ይታወቃሉ። እዚህ ላይ ድሬዳዋ የራሷ የሆነ ፈተና አለባት፤ ደቻቱ በሞላ ቁጥር ከተማዋ ለሁለት ትከፈላለች። ስለዚህ መጠለያው በአንድ ወገን ብቻ ሊሆን አይችልም። የከዚራ ሰው በከዚራ በኩል፣ የመጋላ ሰው በመጋላ በኩል የሚወጣበት ትምህርት ቤት ወይም አዳራሽ ሊኖረው ይገባል፤ ሐኪሙም፣ መድኃኒቱም፣ የሚጠጣ ውኃውም እንዲሁ በሁለቱም ዳር። ማንም ሰው ለመዳን ወንዝ እንዲሻገር የሚያደርግ ዕቅድ፣ ዕቅድ አይባልም።

ሦስተኛው ማስጠንቀቂያው ነው። ትንበያውን የሚያወጣው የኢትዮጵያ ሜትሮሎጂ ኢንስቲትዩት ነው፤ ትንበያ ግን ኃይለኛ ዝናብ ሊኖር እንደሚችል ይናገራል እንጂ የትኛው ሸለቆ በስንት ሰዓት እንደሚሞላ አይናገርም። ክፍተቱን የሚሞላው ደጋ ላይ ያለ ዓይን ነው፤ የዝናብ መለኪያ የሚያነብ ሰው፣ በደንገጎ በኩል የሚወርድ ሹፌር፣ ስልክ ያለው ገበሬ። መልእክቱ ከተማ ሲደርስ ደግሞ ተኝቶ ያለን ሰው መቀስቀስ አለበት፤ በሌሊት ራዲዮ የሚያዳምጥ ጥቂት ነው። የመስጊድ ድምፅ ማጉያ፣ የቤተ ክርስቲያን ደወል፣ የዕድር ጥሩንባ፣ በር ማንኳኳት እዚህ ላይ ከማንኛውም መሣሪያ ይልቃሉ። በድሬዳዋ ኦሮምኛ፣ ሶማልኛና አማርኛ ጎን ለጎን ስለሚነገሩ ጥሪው በሦስቱም፣ አጭርና ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ሊሆን ይገባዋል።

ይህ አሠራር በሌላ አገር ተፈትኗል። ዛሬ ባንግላዴሽ የተባለችውን አገር በ1963 ዓ.ም የመታ አውሎ ነፋስ ከ300 ሺህ በላይ ሰው ጨርሷል። ከዚያ በኋላ አገሪቱ በየመንደሩ ድምፅ ማጉያና ባንዲራ ይዘው ጎረቤቶቻቸውን የሚያስጠነቅቁ በጎ ፈቃደኞችን አደራጀች፤ መጠለያዎችም ሠራች። በ2000 ዓ.ም ሲድር የተባለ ኃይለኛ አውሎ ነፋስ ሲመጣ ከ3 ሺህ በላይ ሰው ሞተ፤ ቁጥሩ ከባድ ቢሆንም ከቀድሞው ጋር የሚነጻጸር አይደለም። ድሬዳዋም ለዚህ የሚሆን መሠረት አላት፤ ዕድርና አፎሻ የተባለው የመረዳጃ ማኅበር የትኛው ቤት ውስጥ የአልጋ ቁራኛ እንዳለ፣ ማን ብቻውን እንደሚኖር፣ ማን ሰሞኑን እንደወለደች ከማንም መዝገብ በላይ ያውቃሉ።

አራተኛው የመውጫው ሥርዓት ነው። በብርቱ ጎርፍ ውስጥ የጉልበት ግማሽ የማይሞላ ውኃ እንኳ አዋቂን ሰው ሊጥል ይችላል፤ 60 ሴንቲ ሜትር የሚሆን ፈሳሽ ውኃ አብዛኛውን የቤት መኪና አንሥቶ ይወስዳል፣ ባጃጅማ ከዚያ በታች ይበቃዋል። ስለዚህ ውኃ የያዘ መተላለፊያ በእግርም በባጃጅም አይሞከርም። ከቤት የሚወጣው ሰው እንጂ ዕቃ አይደለም፤ መታወቂያ፣ መድኃኒትና የእጅ ባትሪ በበልግና በክረምት በአንድ ከረጢት ተዘጋጅተው በር ሥር ያድራሉ። የመጀመሪያው ውኃ ጋብ ሲል ዕቃ ለማትረፍ መመለስም ክልክል ነው፤ ከሌላ ሸለቆ የመጣ ጎርፍ ተከትሎ ሊደርስ ይችላል። መመለስ የሚፈቀደው ወንዙን እስከ ላይ ድረስ ያዩ ሰዎች ሲያረጋግጡ ነው።

በወንዙ ዳር የሚሠራው የድንጋይና የሽቦ ግንብ፣ በተራሮቹ ላይ የሚሠራው እርከንና የሚተከለው ዛፍ የጎርፉን ጉልበት ይቀንሳሉ። ይሁንና ግንቡ የታሰበለት ልክ አለው፤ ከዚያ ልክ በላይ የመጣ ውኃ ይዘለዋል። ግንብ አለ ብሎ ወንዙ ሥር ቤት መሥራትም አደጋውን መልሶ ያመጣል። ስለዚህ ማሸሹ በግንቡ አይተካም፤ ሁለቱ አብረው ይሄዳሉ።

የመጨረሻው ልምምድ ነው። በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ከበልግ በፊት በየካቲት፣ ከክረምት በፊት በሰኔ፣ ጥሩንባው ይነፋል፣ ሰፈሩ ይወጣል፣ የወሰደው ደቂቃ ይመዘገባል። ከሁለቱ አንዱ በሌሊት መሆን አለበት፤ በቀን ግልጽ የነበረ የጓሮ መንገድ በጨለማ የተቆለፈ በር ሊሆን ይችላልና። የተመዘገበው ጊዜ ጎርፉ ከሚሰጠው ጊዜ ካነሰ ዕቅዱ ይሠራል፤ ከበለጠ ይሻሻላል።