ጡት ለማስቀነስ ከመወሰንሽ በፊት

ጡትሽ ከብዶሽ አንገትሽን፣ ትከሻሽንና ጀርባሽን ዓመት ከዓመት የሚያምሽ ከሆነ፣ ጡት መቀነሻ ቀዶ ሕክምና የሚባል ነገር እንዳለ ሳትሰሚ አትቀሪም። ላድርገው ወይስ ይቅርብኝ ብሎ መወሰን ግን ቀላል አይደለም። ገንዘብ አለበት፣ ጠባሳ አለበት፣ ልጅ የማጥባት ጉዳይ አለበት፣ የሰው አፍም አለበት። እስቲ አንድ በአንድ እንየው።

ብዙ ሴቶች በሆዳቸው ከሚያብላሉት ጥያቄ እንነሳ። ይሄ የቁንጅና ነገር ነው ወይስ ሕክምና? ትልቅ ጡት በራሱ በሽታ አይደለም። ምንም ሳያማት የምትኖር ሴት ምንም ማድረግ የለባትም። ሕክምና የሚሆነው ሲያሠቃይ ነው። ምልክቶቹ የታወቁ ናቸው። የማይለቅ የአንገትና የጀርባ ሕመም አንዱ ነው። የጡት መያዣው ማንጠልጠያ ትከሻን ይሰረጉዳል። ከጡት ሥር ላብ ይጠራቀምና ቆዳው ይላጣል፣ ያሳክካል፣ ይሸታል። መሮጥ ቀርቶ ፈጠን ብሎ መራመድ ያስቸግራል። የአንዳንዷም ጣቶች ይደነዝዛሉ።

ይህን ሁሉ ተሸክማ «ተፈጥሮዬ ነው» ብላ ዝም የምትል እህት ብዙ ናት። ዝምታዋ ያሳዝነኛል፤ ምክንያቱም ሊታከም የሚችል ሕመም ነው። ሐኪም ፊት ስትቀርቢ ስለ መልክሽ እየተሟገትሽ እንዳልሆነ አስቢ። ያመመሽን እየተናገርሽ ነው።

«ክብደት ብቀንስ አይሻለኝም?» ልትይ ትችያለሽ። እ.ኤ.አ. በ2002 አሜሪካ ውስጥ የታተመ ጥናት ይህንኑ ጠይቆ ነበር። ክብደት መቀነስ፣ ፊዚዮቴራፒ (በባለሙያ የሚሰጥ የሰውነት እንቅስቃሴ ሕክምና) እና ልዩ ጡት መያዣ ለነዚህ ሴቶች ዘላቂ እፎይታ አልሰጡም። ቀዶ ሕክምናው ግን ሕመማቸውን በጉልህ ቀነሰው። ይህ ማለት ግን ሌላው ሁሉ ይቅር ማለት አይደለም። በልኩ የሆነ ጡት መያዣ ርካሽ ነውና መጀመሪያ እሱን ሞክሪ፤ ያለልኳ የምታደርግ ሴት ጥቂት አይደለችም። ክብደትሽም ከቀዶ ሕክምናው በፊት ቢረጋ ጥሩ ነው። ከዚያ በኋላ ብዙ ብትቀንሺ ወይም ብትጨምሪ የጡትሽ ቅርጽ አብሮ ይለወጣል።

አሁን እንዴት እንደሚሠራ እንይ። ሥራው የፕላስቲክ ቀዶ ሐኪም ነው፤ የሰውነትን ቅርጽ የሚጠግን ሐኪም ማለት ነው። በቀጠሮሽ ዕለት ቆመሽ ሳለ በእስክሪብቶ ጡትሽ ላይ መስመር ያሰምራል፤ ስትተኚ ጡት ቦታውን ስለሚለቅ ነው። ከዚያ ሙሉ ማደንዘዣ ይሰጥሻል፣ ትተኛለሽ። ሥራው አብዛኛውን ጊዜ ከ2 እስከ 4 ሰዓት ይወስዳል።

ሐኪሙ ትርፍ የሆነውን ስብ፣ የወተት ዕጢና ቆዳ ያወጣል። ብዙ ሰው የጡት ጫፍ ተቆርጦ እንደገና የሚሰፋ ይመስለዋል። አብዛኛውን ጊዜ እንዲያ አይደለም። ጫፉ ከሥሩ ካለው ሥጋ፣ ከደም ሥሩና ከነርቩ ጋር እንደተያያዘ ወደ ላይ ከፍ ይደረጋል። ስሜቱም፣ ልጅ የማጥባት ዕድሉም የተንጠለጠለው በዚህ ላይ ነው። ጡቱ እጅግ በጣም ትልቅ ሲሆን ግን ጫፉ ተለይቶ ወጥቶ እንደ ቆዳ ንቅለ ተከላ የሚመለስበት ጊዜ አለ። ያን ጊዜ ማጥባት አይቻልም፤ ስሜቱም ከሞላ ጎደል ይጠፋል። ስለዚህ ሐኪምሽን «የጡቴን ጫፍ ከሥሩ ሳትለይ ነው የምትሠራው?» ብለሽ በግልጽ ጠይቂ።

የወጣው ሥጋ አይጣልም። ይመዘንና ወደ ላቦራቶሪ ይላካል። እዚያ ካንሰር እንዳይኖርበት በማጉያ ይመረመራል። ዕድሜሽ 40 ካለፈ ደግሞ አስቀድሞ ማሞግራም፣ ማለትም የጡት ራጅ፣ እንድትነሺ ትጠየቂያለሽ።

ጠባሳውስ? ይቀራል። ይህን ማንም እንዳይሸፋፍንብሽ። በሰፊው የሚታወቀው አቆራረጥ በጡቱ ጫፍ ዙሪያ ይዞራል፣ ከዚያ ቀጥ ብሎ ይወርዳል፣ ከጡት ሥር ባለው እጥፋት ደግሞ ወደ ጎን ይሄዳል። ሐኪሞች የመርከብ መልሕቅ ቅርጽ ይሉታል። ሁለተኛው ዓይነት ወደ ጎን የሚሄደው የለበትም፤ ግን ለሁሉም ጡት አይሆንም። ጠባሳው በመጀመሪያዎቹ ወራት ቀልቶና ጎልቶ ይታያል። እስኪደበዝዝ አንድ ዓመት፣ አንዳንዴም አንድ ዓመት ተኩል ይፈልጋል።

እኛ ጥቁር ቆዳ ያለን ሰዎች እዚህ ላይ ቆም ብለን ማሰብ አለብን። ጠባሳ ከቁስሉ አልፎ እየወፈረ የሚያድግበት ኬሎይድ የሚባል ነገር በጥቁር ቆዳ ላይ ይበዛል። ጆሮሽን ስትበሺ ቦታው አብጦ ቀርቷል? የክትባት ወይም የቀዶ ጥገና ጠባሳሽ ወፍሯል? እናትሽ ወይም እህትሽስ? ለሐኪምሽ ንገሪው፤ ቦታውንም አሳዪው። ኬሎይድ አለብሽ ማለት ቀዶ ሕክምናው ይከለከላል ማለት አይደለም። ነገር ግን ሐኪሙ ክትትሉን አስቀድሞ ያዘጋጃል፤ ሲሊኮን ፕላስተርና አስፈላጊ ሲሆን ጠባሳው ላይ የሚወጋ መድኃኒት አለ።

ልጅ ስለማጥባት። ጫፉ ከሥሩ ካልተለየ ብዙ ሴቶች ያጠባሉ፤ የብዙዎቹ ወተት ግን ያንሳል። ማንም ሐኪም «ታጠቢያለሽ» ብሎ ሊምልልሽ አይችልም። በቅርቡ ለመውለድ ካሰብሽና ሕመሙን መቻል ከቻልሽ፣ የኔ ምክር ወልደሽ፣ አጥብተሽ፣ ጡትሽ ከረጋ በኋላ አድርጊው ነው። እርግዝና ጡትን እንደገና ያሳድገዋል፤ ገንዘብሽም ሕመምሽም በከንቱ እንዳይሆን። ሕመሙ የማይቻል ከሆነ ደግሞ ላልተወለደ ልጅ ብለሽ ዓመታት ተሠቃዪ የሚልሽን ሁሉ መስማት የለብሽም። ይህን የምታነቢው ለሴት ልጅሽ ብለሽ ከሆነ ደግሞ፣ አብዛኛውን ጊዜ ጡቷ ማደጉን እስኪያቆም ይጠበቃል። ትምህርት ቤት እስክትጠላ ከተሠቃየች ግን ሐኪም ዘንድ መውሰድ አይጎዳም።

ጉዳት የሌለው ቀዶ ሕክምና የለም። ደም ሊቋጥር፣ ቁስሉ ሊያመረቅዝ ይችላል። ስፌቶቹ የሚገናኙበት የታችኛው ቦታ ቶሎ አልድን ማለቱ የተለመደ ነው፤ በቁስል እንክብካቤ ይሽራል። የጫፉ ስሜት ሊቀንስ ይችላል፤ አልፎ አልፎም ለዘለቄታው ይጠፋል። ሁለቱ ጡቶች ፍጹም እኩል አይሆኑም። ከሁሉ የከፋውና እምብዛም የማያጋጥመው ደም አልደርስ ብሎ የጡቱ ጫፍ መሞት ነው። ኒኮቲን ደም ሥርን ስለሚያጠብ ሲጋራም ሆነ ሺሻ ይህን አደጋ ያባብሳል። ቢያንስ 4 ሳምንት አስቀድመሽ ማቆም አለብሽ። ጫት የምትቅሚ፣ አስፕሪን ወይም የባህል መድኃኒት የምትወስጂ ከሆነም ለማደንዘዣ ባለሙያው አትደብቂው።

ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ እንዴት ነው? ብዙዎች በዚያው ዕለት ወይም በማግሥቱ ቤታቸው ይገባሉ። በመጀመሪያው ሳምንት ሕመም፣ እብጠትና መበለዝ አለ። ደጋፊ ጡት መያዣ ቀንም ሌሊትም ይደረጋል። እንቅልፍ በጀርባ ነው። ቀላል ሥራ ያላት ሴት ከ1 እስከ 2 ሳምንት ባለው ጊዜ ትመለሳለች። ከባድ ነገር ማንሳት ግን ከ4 እስከ 6 ሳምንት ክልክል ነው። ጀሪካን ማንሳት፣ ልጅ ማዘል፣ ሊጥ ማቡካትና ምጣድ ማውረድ ሁሉ ከዚህ ይቆጠራል። ስለዚህ ቀኑን ከመያዝሽ በፊት የሚረዳሽን ሰው ያዢ። ትንሽ ልጅ ካለሽ ይሄ ከገንዘቡ በላይ ወሳኝ ነው።

ወደ ገንዘቡ እንምጣ። አሜሪካ ከሆንሽ ራስሽ ስትከፍዪ ሂሳቡ ሦስት ነው፤ የሐኪሙ፣ የማደንዘዣውና የሆስፒታሉ። የሐኪሙን ዋጋ ብቻ ሰምተሽ እንዳትወስኚ። ሦስቱ ሲደመሩ አሥር ሺህ ዶላር መንካታቸው እንግዳ ነገር አይደለም። የጤና መድን ሊከፍልልሽ የሚችለው ለሕክምና ማስፈለጉን ካመነ ነው። ፈቃዱም ከቀዶ ሕክምናው በፊት በጽሑፍ ይገኛል። ቢፈቅድም አንቺ መጀመሪያ ከኪስሽ የምትከፍዪው ድርሻ ይኖራል፤ መጠኑን ደውለሽ ጠይቂ።

መድን ድርጅቶቹ የሚጠይቁት ሁለት ነገር ነው፤ ማስረጃና ግራም። ማስረጃው የሐኪም መዝገብ ነው። ስለዚህ ጀርባሽን ባመመሽ ቁጥር፣ ከጡትሽ ሥር በቆሰለ ቁጥር ለቤተሰብ ሐኪምሽ ተናገሪና ይመዝገብ። የቁስሉን ፎቶ አንሺ። ፊዚዮቴራፒ ከሄድሽ ወረቀቱን አስቀምጪ። ሦስት ወይም ስድስት ወር ሌላ ሕክምና እንደሞከርሽ የሚጠይቁ አሉ።

ግራሙ ደግሞ ከእያንዳንዱ ጡት የሚወጣው ሥጋ ክብደት ነው። አንዳንዱ ድርጅት በደፈናው 500 ግራም ይላል። ብዙዎቹ ግን ሽኑር የተባለ ሐኪምና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1991 ያወጡትን ሠንጠረዥ ይጠቀማሉ። ሠንጠረዡ የቁመትና የክብደትን ስሌት ይዞ ስንት ግራም መውጣት እንዳለበት ይናገራል። ለምሳሌ ቁመቷ 165 ሴንቲ ሜትር፣ ክብደቷ 70 ኪሎ የሆነች ሴት ከእያንዳንዱ ጡት ወደ 440 ግራም እንዲወጣ ይጠበቅባታል።

በዚህ አልስማማም፤ ብቻዬንም አይደለሁም። የአሜሪካ የፕላስቲክ ቀዶ ሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው መመሪያ ውሳኔው በሕመሙ ምልክቶች እንጂ በሚወጣው ክብደት መመሥረት እንደሌለበት አስቀምጧል። ትንሽ ቁመና ያላት ሴት 300 ግራም ወጥቶላት ልትድን ትችላለች። አንቺም መድኑ እንዲከፍል ብለሽ ከምትፈልጊው በላይ እንዲያሳንሱሽ አትስማሚ። የሚቀረውን ጡት ይዘሽ የምትኖሪው አንቺ ነሽ።

መድኑ እምቢ ካለ በዚያ አያበቃም። በአሜሪካ ሕግ አብዛኞቹ መድኖች ውሳኔያቸውን እንደገና እንዲያዩ መጠየቅ ትችያለሽ፤ የእምቢታው ደብዳቤ ከደረሰሽ 180 ቀን አለሽ። እንደገና እምቢ ካሉ በ4 ወር ውስጥ ከድርጅቱ ውጭ ባለ ገለልተኛ አካል እንዲታይ ትጠይቂያለሽ። እንግሊዝኛው ከከበደሽ ሆስፒታሉን ነጻ የአማርኛ አስተርጓሚ ጠይቂ፤ የመንግሥት ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታል ሊያቀርብልሽ ይገባል። ስለ ጡትሽ ልጅሽ እንድታስተረጉም አታድርጊ። እሷ ታፍራለች፣ አንቺም ዋናውን ነገር ትደብቂያለሽ።

እንግሊዝ አገር ያለሽ ደግሞ የመንግሥቱ የጤና አገልግሎት መስፈርቱ ከአካባቢ አካባቢ እንደሚለያይ እወቂ፤ በግል ሲሠራ ወደ 6,500 ፓውንድ ይደርሳል፣ ምርመራና ክትትሉ ለብቻ ነው።

ኢትዮጵያ ውስጥ ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን የቁንጅና ቀዶ ሕክምናን አይሸፍንም። ስለዚህ ሐኪምሽ የሚጽፈው ወረቀት ላይ ሕመምሽ በዝርዝር መስፈሩ እዚህም ይጠቅማል። አዲስ አበባ ውስጥ እንደ የካቲት 12 እና አለርት ባሉ የመንግሥት ሆስፒታሎች የፕላስቲክ ቀዶ ሐኪሞች አሉ። አብዛኛው ሥራቸው በቃጠሎና በአደጋ የተጎዱትን መጠገን ስለሆነ ተራ ለመጠበቅ ተዘጋጂ። የግል ክሊኒክ ከመረጥሽ ዋጋውን በጽሑፍ አስደርጊው። ማደንዘዣው፣ አልጋው፣ የላቦራቶሪ ምርመራውና ቁስል ቢያመረቅዝ ተመልሶ የሚታይበት ወጪ ውስጡ መኖሩን አንድ በአንድ ጠይቂ። ሐኪሙ የተለየ የፕላስቲክ ቀዶ ሕክምና ትምህርት የተማረ መሆኑንና እሱ ራሱ የሠራላቸው ጠይም ቆዳ ያላቸው ሴቶች ከዓመት በኋላ የተነሱትን ፎቶ እንዲያሳይሽም ጠይቂ። ይህን ሲጠየቅ የሚቆጣ ሐኪም ካጋጠመሽ ሌላ ፈልጊ።