ስለ ድንጋይና ስለ ባሕር አረም

ልጆች ሆይ፤ በክረምት ወራት በኮልፌ በኩል የሚወርደውን ወንዝ አይታችሁ ይሆናል። ዝናም በተራራው ላይ በዘነመ ጊዜ ውሃው ደፍርሶ እያጓራ ይመጣል፤ ድንጋዩንም ከድንጋይ ጋር እያጋጨ ያንከባልለዋል። በበጋ ግን ውሃው ስለሚያንስ በድንጋዩ ዙሪያ ቀስ ብሎ ያልፋል እንጂ ሊያነቃንቀው አይችልም።

ነገር ግን ደካማ ውሃ እንኳ ድንጋይን የሚጎትትበት መንገድ አለ። በበጋ አንድ ሰፊ አሮጌ ጨርቅ ወስዳችሁ ጫፉን በትንሽ ድንጋይ ላይ እሰሩና በጥልቀት በሌለው ጅረት ውስጥ አኑሩት። ድንጋዩ ብቻውን ሳለ ከስፍራው አልተነሣም ነበር። አሁን ግን ውሃው ጨርቁን በስፋቱ ይገፋዋል፤ ጨርቁም ተወጥሮ ድንጋዩን እየጎተተ ይወስደዋል።

በባሕርም የሚሆነው እንዲሁ ነው። የእኛ ወንዝ ውሃ ወደ ትንሹ አቃቂ፥ ከአቃቂም ወደ አዋሽ ይገባል፤ አዋሽም በአፋር አገር አቤ በሚባለው ሐይቅ ያልቃል እንጂ ከባሕር አይደርስም። ስለዚህ የባሕርን ነገር በትምህርት እናውቀዋለን።

በቀዝቃዛ ባሕሮች ዳርቻ በውሃው ውስጥ ትልልቅ የባሕር አረም ይበቅላል። አረሙ ገና ትንሽ ሳለ በባሕሩ ወለል ካለ ድንጋይ ላይ ይጣበቃል። ግርጌው ሥር ይመስላል፤ ነገር ግን እንደ ዛፍ ሥር ምግብ አይስብም፤ እንደ ሰው ጣት ሆኖ ድንጋዩን ይጨብጣል እንጂ። በቅጠሎቹም ግርጌ አየር የሞላባቸው ትንንሽ ከረጢቶች አሉ። ትልቁ ዓይነት ከ30 ሜትር በላይ ይረዝማል።

አረሙ ካደገ በኋላ ድንጋዩ የሚንቀሳቀሰው በሦስት ምክንያት ነው። መጀመሪያ፥ ውሃ የድንጋዩን ክብደት በከፊል ይሸከማል፤ በየብስ 10 ኪሎ የሚመዝን ድንጋይ በውሃ ውስጥ 6 ኪሎ ያህል ብቻ ይከብዳል። ሁለተኛ፥ አየር የያዙት ከረጢቶች ወደ ላይ ስለሚስቡት ድንጋዩ ወለሉን አጥብቆ አይጫነውም። ሦስተኛ፥ በወለሉ አጠገብ ውሃው እየታከከ ስለሚሄድ ዝግ ይላል፤ ከፍ ብሎ ግን ይፈጥናል። ድንጋዩ ዝቅ ብሎ ሲቀመጥ አረሙ ግን ወደ ፈጣኑ ውሃ ይደርሳል፤ ብዙ ቅጠሎቹም እንደዚያ ጨርቅ የውሃውን ግፊት ይቀበላሉ። በዚህ ጊዜ ድንጋዩ ይጎተታል፤ ማዕበልም በተነሣ ጊዜ ከነአረሙ ወደ ዳር ይጣላል።

ቻርልስ ዳርዊን የተባለ እንግሊዛዊ ሊቅ በኤውሮፓ አቆጣጠር በ1834 ዓ.ም. በደቡብ አሜሪካ ጫፍ ሳለ ይህን አረም መረመረ። አረሙ ሲሳብ አብረው ከሚወጡት ድንጋዮች አንዳንዶቹ አንድ ሰው ወደ ጀልባ ሊያነሣቸው እስኪቸገር ድረስ ከባዶች እንደ ነበሩ ጽፏል።

ከዚህ ሁለት ነገር እንማራለን። አንደኛው ለሥጋችን ነው። በጎርፍ ጊዜ ጋቢ ለብሶ ወደ ወንዝ የሚገባ ሰው አረም እንደ በቀለበት ድንጋይ ነው፤ ውሃው ልብሱን ይዞ ሰውየውን ይጥለዋል። ልብሱን ቢያወልቅም እንኳ የጎርፍ ጉልበት ብርቱ ነውና፥ ውሃው እስኪጎድል ድረስ በዳር ቆሞ መጠበቅ ይገባል። አንድ ሰዓት ዘግይቶ ከቤት መድረስ ፈጽሞ ካለመድረስ ይሻላል።

ሁለተኛው ለጠባያችን ነው። በመጀመሪያ ድንጋዩ አረሙን ይዞት ነበር፤ በኋላ ግን አረሙ ድንጋዩን ይዞት ሄደ። ክፉ ልማድም እንዲሁ ነው። ትንሽ ውሸት፥ ትንሽ ስንፍና በጀመረ ጊዜ የማይከብድ መስሎ ይታያል፤ ልጁም፦ «በፈለግሁ ጊዜ እተወዋለሁ» ይላል። ልማዱ ግን በየቀኑ ያድጋል፤ ክፉ ጓደኛና ክፉ ጊዜም እንደ ማዕበል በመጣ ጊዜ ልጁን ወዳላሰበው ስፍራ ይወስደዋል። ስለዚህ አረሙን ገና ትንሽ ሳለ ንቀሉት።