የቦታውን ውኃ በነሐሴ እዩት

ከባሕር ዳር አካባቢ በውስጥ መስመር የሚመጣልኝ ጥያቄ ብዙውን ጊዜ አንድ ነው፦ «ቦታው ደረቅ ነው፣ አይተነዋል፤ መሠረቱ ስንት ሜትር ይውረድ?» እኔም መልሼ እጠይቃለሁ፤ መቼ ነው ያያችሁት?

መጋቢት ላይ ከሆነ አላያችሁትም። ጣና ዳር ባለው ሜዳ የከርሰ ምድር ውኃ ከክረምቱ ጋር ይወጣል፣ በበጋ ይወርዳል። ከፍ የሚለውም ሰኔ ላይ ሳይሆን አፈሩ ዝናብ ከጠገበ በኋላ፣ ነሐሴና መስከረም ላይ ነው። ደላላ ግን ቦታ ማሳየት የሚወደው በበጋ ነው፤ መኪናም የሚገባው ያኔ ነዋ!

ሁለት ሜትር ያህል አስቆፍሩ። ጥቁር አፈር ከሆነ ጉድጓዱ በዕለቱ ደረቅ መስሎ ቢታያችሁ አትቸኩሉ፤ ይህ አፈር ውኃ ይይዛል እንጂ ቶሎ አይለቅም። ልጅና ከብት እንዳይገባበት በጣውላ ክደኑትና በማግስቱ ተመልሳችሁ እዩት። የግድ በበጋ ማየት ካለባችሁ ደግሞ የጉድጓዱን ግድግዳ በአካፋ ፋቅ ፋቅ አድርጉት። ግራጫ አፈር ላይ ዝገት የመሰለ ብርቱካናማ ነጠብጣብ ካገኛችሁ ውኃው እስከዚያ ድረስ ይመላለሳል። አፈሩ ውስጥ ያለው ብረት ውኃ ሲያፍነው ቀለሙን ያጣል፣ አየር ሲያገኝ ይዝጋል። በጣም የጠቆረ አፈር ላይ ይህ ምልክት አይታይም፤ ያኔ ጎረቤት ጠይቁ፣ ፊላና ቀጠማ መብቀሉንም አስተውሉ።

ውኃ የሞላበት አፈር ጉልበት የለውም። አሸዋማ ከሆነ ውኃው እስከ መሬቱ ገጽ ሲወጣ የመሸከም አቅሙ ወደ ግማሽ ሊወርድ ይችላል። የጥቁር አፈር ማበጥና መሰንጠቅ የራሱ ጽሑፍ ይፈልጋል፣ ዛሬ አልገባበትም።

ብዙ ሰው የሚረሳው ወደ ላይ ያለውን ግፊት ነው። 5000 ሊትር የሚይዝ ሮቶ ባዶውን ተቀብሮ ውኃ ሙሉ በሙሉ ከከበበው፣ ወደ 5 ቶን በሚጠጋ ኃይል ወደ ላይ ይገፋዋል። ካልታሰረ ወይም በቂ ጭነት ከላዩ ከሌለ ይነሳል። የሽንት ቤት ጉድጓድም አስመጥጣችሁት በሳምንቱ ከሞላ ቤተሰቡን አትውቀሱ፤ የገባው የከርሰ ምድር ውኃ ሊሆን ይችላል። መንገዱ ክፍት ከሆነ ደግሞ ፍሳሹም በበኩሉ ወጥቶ የጎረቤት የውኃ ጉድጓድ ውስጥ ይገባል።

እኔ እንዲህ ያለ ቦታ ላይ ምድር ቤት አልመክርም። ሰሌክት የሚባለውን የሙሌት አፈር እየሞሉና እየጠቀጠቁ ወለሉን ከፍ ማድረግ ይሻላል። ከፍ ስትሉ ግን ውኃው ዝቅ ወዳለው ጎረቤት ስለሚሄድ፣ ሰሌክቱ ሳይደፋ በፊት የውኃ መውረጃውን አብራችሁ ተነጋገሩበት።