የሐረር ምንጣፍ እጥበት በካሬ ብቻ አይተመንም

ምንጣፍ የሚያጥብ ባለሙያ ሐረር ላይ አስቀድሞ የሚሰማው ጥያቄ «ካሬው በስንት ነው?» የሚል ነው። ለአንድ ሳሎን ምንጣፍ በካሬ መልስ መስጠት ማንንም አይጎዳም። ሥራው መስጊድ፣ የሆቴል አዳራሽ ወይም የመሥሪያ ቤት ፎቅ ሲሆን ግን በካሬ ብቻ የተቆረጠ ዋጋ አንዱን ወገን መጉዳቱ አይቀርም፤ አብዛኛውን ጊዜም የሚጎዳው ምንጣፉ ነው። ካሬ የሚነግረን ስፋትን ነው። በዚህ ከተማ የሥራውን ክብደት የሚወስኑት ውሃው፣ የሚገኘው ሰዓትና የምንጣፉ መድረቅ ናቸው። ስለዚህ ስሌቱ ከእነሱ ተነስቶ መጨረሻ ላይ ወደ ካሬ ይምጣ እላለሁ።

ከውሃው ልጀምር። ሐረር ለብዙ ዓመታት ስትጠጣ የኖረችው ከሐረማያ ሐይቅ ነበር። ሐይቁ በ1990ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ ከደረቀ ወዲህ ከተማዋ ከድሬዳዋ አካባቢ ጉድጓዶች ተስቦ ሽቅብ የሚወጣ ውሃ ላይ ተደግፋለች፤ ነዋሪውም ውሃን በፈረቃ መጠበቅ ለምዷል። እንግዲህ 600 ካሬ ምንጣፍ ያለው አዳራሽ እንውሰድ። እየረጨ መልሶ በሚመጥ ማሽን ለአንድ ካሬ ሁለት ሊትር ብንይዝ 1,200 ሊትር ይሆናል፤ ባለ 20 ሊትር ስልሳ ጀሪካን ማለት ነው። ቦታው አሮጌውን ከተማ ከከበበው የጀጎል ግንብ ውጭ ከሆነ ቦቴ በሩ ድረስ ይመጣል። ጀጎል ውስጥ ከሆነ ግን መኪና መሃል ላይ እስካለው ፈረስ መጋላ አደባባይ ይዘልቅና ከዚያ ወዲያ ያሉት ጠባብ መተላለፊያዎች በአብዛኛው ለሰው ትከሻና ለአህያ የተተዉ ናቸው። ስልሳው ጀሪካን ከገባ በኋላ ደግሞ አብዛኛው ቆሽሾ በዚያው መንገድ ይወጣል፤ የአረፋ ውሃ ጎረቤት ደጃፍ ላይ ማፍሰስ በዓለም ቅርስነት በተመዘገበ ሰፈር ይቅርና የትም ቢሆን ነውር ነው። ይህ ሁሉ የሸክም ሥራ በካሬው ቁጥር ውስጥ አይታይም። ዋጋ ቆራጩ ካላሰበበት ሌሊት ላይ የደከመው ሠራተኛ ማለቅለቁን ይዘላል።

ማለቅለቅ ሲዘለል የሚሆነውን ማስረዳት ያስፈልጋል፤ ደንበኞች ብዙ ጊዜ «ታጥቦ በወሩ ጠቆረ» ብለው የሚያማርሩት በዚህ ምክንያት ነውና። በክሩ ሥር የቀረ ሳሙና ሲደርቅ ተጣባቂ ይሆናል፤ ከእግር የሚወርደውን አቧራ ሁሉ ይይዛል። ተራ የዱቄት ኦሞ ደግሞ ለሱፍ ስጋጃ ጭራሽ አይሆንም፤ ጠንካራ አልካሊ ሱፍን ያሻክራል፣ ቀለሙንም ሊያስለቅቅ ይችላል። በአንጻሩ ምንጣፍ ውስጥ ካለው ቆሻሻ የሚበዛው ደረቅ አፈርና አሸዋ ነው። ውሃ ከመንካቱ በፊት በቫኪዩም በዝግታ፣ በሁለት አቅጣጫ የወጣ አፈር ወደ ጭቃነት ሳይለወጥ ቀረ ማለት ነው። ውሃ ውድ በሆነበት ከተማ ከሁሉ የሚያዋጣው ይህ ሥራ ነው፤ ዋጋ ሲጨመቅ አስቀድሞ የሚቀነሰውም እሱ መሆኑ ያሳዝናል።

ሰዓቱ ከውሃው ይብሳል። በጀጎል 48 ሄክታር ውስጥ 82 መስጊዶች አሉ፤ ዩኔስኮ በ1998 ዓ.ም. ሲመዘግባት የቆጠራቸው ናቸው። መስጊድ በቀን አምስት ጊዜ ይሰገድበታል፤ ረዥሙ ክፍተት ከዒሻ እስከ ሱብሒ ያለው ነው። ከምሽቱ 2:30 ሥራ ቢጀመርና ሁለት ማሽኖች በጋራ በሰዓት 100 ካሬ ቢጨርሱ ያ 600 ካሬ ከሌሊቱ 8:30 ላይ ያልቃል። በወረቀት አንድ ሌሊት በቃው። ነገር ግን መጨረሻ የታጠበው ክፍል ሰጋጁ 11 ሰዓት ላይ ሲገባ ገና ሁለት ሰዓት ተኩል ብቻ ነው የነፈሰበት፤ ግንባር እርጥብ ምንጣፍ ላይ ያርፋል። በሦስት ሌሊት 200፣ 200 ካሬ ቢከፈል ግን እያንዳንዱ ክፍል ቢያንስ ስድስት ሰዓት ተኩል ማራገቢያ ያገኛል። ስፋቱም ማሽኑም አልተለወጠም። የተለወጠው የሦስት ሌሊት ምልልስ፣ የሦስት ሌሊት ደሞዝና የሦስት ጊዜ ዕቃ ማንሳት መጣል ነው። ሁለቱ ዕቅዶች በአንድ የካሬ ዋጋ ሊሸጡ አይችሉም።

መድረቁ ከወቅት ጋርም የተሳሰረ ነው። ከአንድ ቀን በላይ እርጥብ የቆየ ምንጣፍ መሽተት፣ ከዚያም መሻገት ይጀምራል። ትልቁ የእጥበት ጊዜ ከረመዳን በፊት ያለው ነው፤ የሂጅራ ዓመት አጭር በመሆኑ ደግሞ ረመዳን በየዓመቱ አሥር፣ አሥራ አንድ ቀን ወደ ኋላ ይመጣል። በ2001 ዓ.ም. ነሐሴ አጋማሽ ላይ ስለገባ ዝግጅቱ የወደቀው በክረምቱ ነበር፤ በ2010 ግንቦት፣ በ2018 ደግሞ የካቲት ላይ ገብቷል። የድሮ ውል አውጥቶ ዋጋውን ብቻ ከፍ ማድረግ የማያዋጣው ለዚህ ነው፤ በነሐሴ ተጨማሪ ማራገቢያና ጄኔሬተር የሚጠይቀው አዳራሽ በየካቲት መስኮት መክፈት ይበቃው ይሆናል። የጀጎል የእንግዳ ማረፊያ ቤቶችም የራሳቸው ግርግር አላቸው። በኅዳር 2016 በዩኔስኮ የተመዘገበው የሸዋል ዒድ በዓል ሲቃረብ ሁሉም በአንድ ሳምንት ይጠራሉ። የነዚህ ቤቶች ስጋጃ የሚነጠፍበት ናዳባ የሚባለው መደብ ቀይ ቀለም የተቀባ ስለሆነ እዚያው ላይ ማራስ ለመደቡም ለስጋጃውም አደጋ ነው። ወደ ውጭ አውጥቶ ማጠብ ይገባል፤ ማመላለሻውም ይታሰባል።

«ይህን ሁሉ ስትዘረዝር ደንበኛው እንዴት ያወዳድር? ፕሮፎርማ ሦስት ይሰበሰባል፣ ዝቅተኛው ያሸንፋል» ይባላል። እውነት ነው፤ የግዥ ክፍል አንድ ቁጥር ይፈልጋል፣ ይሰጠው። ከቁጥሩ ሥር ግን ስንት ሌሊት፣ ስንት ሊትር፣ በስንት ሰዓት እንደሚደርቅና ቆሻሻው ውሃ የት እንደሚሄድ ይጻፍ። ሦስቱም ተጫራቾች ይህን ከጻፉ ርካሹ ለምን እንደረከሰ ገዢው ራሱ ያየዋል። በአንዲት ጥግ አንድ ካሬ አስቀድሞ አጥቦ ማሳየትም ከብዙ ክርክር ያድናል። ዋጋው የሚጸናበት ቀን መጻፉም ግድ ነው፤ ሐምሌ 22 ቀን 2016 የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ከውጭ የሚገባ ኬሚካልና የማሽን መለዋወጫ በአሮጌ ዋጋ አይተካም።

ከበድ ያለው ተቃውሞ ሌላ ነው። የአላህ ቤት ሲታጠብ ሒሳብ መያዝ አይገባም የሚሉ አሉ፤ በሰደቃ ምንጣፍ ተሸክመው የሚያጥቡ የሰፈር ወጣቶችን ትጋት ያየ ሰው ይህን ቃል አቅልሎ አያልፈውም። እኔም ባለሙያው የቻለውን ያህል ይለግስ ባይ ነኝ። ልግስናው ግን ከትርፉ ይውጣ እንጂ ከማለቅለቁና ከማድረቁ አይውጣ። ሙሉው ዋጋ ይጻፍ፣ ከሥሩ «ለመስጊዱ የተተወ» ተብሎ የሚቀነሰው ብር ይስፈር፣ ሠራተኛው የሌሊት ደሞዙን ሳይጎድል ይቀበል። ኮሚቴውም የሥራውን እውነተኛ ወጪ ስለሚያውቅ ለመጪው ዓመት ምን ያህል ማሰባሰብ እንዳለበት ከወዲሁ ያቅዳል።