ባሕር የሌላት ደሴት
የአንኮበርና የደብረ ብርሃን ምድር፣ ሀብትና አገዛዝ

በትምህርት ቤት ሳለን የመልክዓ ምድር አስተማሪያችን «ደሴት ማለት ዙሪያዋን በውሃ የተከበበች የብስ ናት» ብለው ካስተማሩን በኋላ፣ የሰላማዊ ውቅያኖስን ደሴቶች ስም እንደ ዳዊት በቃላችን ይዘን ነበር። ታሂቲ፣ ሳሞአ፣ ፊጂ፣ ቶንጋ እያልን ስንቆጥር የሚያቆመን አልነበረም። ዩኒቨርሲቲ ገብተን አንድ ቀን አንድ ጓደኛችን «የበሬሳ ወንዝ መጨረሻው የት ነው?» ብሎ ሲጠይቀን ግን ሁላችንም እርስ በርሳችን ተያየን። ጠያቂው የደብረ ብርሃን ልጅ ነበር። ሊፈትነን ብሎ ሳይሆን እርሱም ስለማያውቀው ነው የጠየቀን። የአባይን ልጅ ውሃ ጠማው ማለት እንዲህ ያለው ነው።

የታሂቲን ስም ማወቃችን ጥፋት አይደለም። የሩቁን ያወቀ የቅርቡን ለመመርመር መለኪያ ያገኛልና። ስለዚህ ዛሬ ለአንባቢዎቻችን የምናቀርበው የአንዲት ደሴት ታሪክ ነው። ዳሩ ግን ደሴቲቱ ባሕር የላትም፤ እርሷም በሰሜን ሸዋ ከፍታ ላይ የተቀመጠችው የአንኮበርና የደብረ ብርሃን ምድር ናት።

ምድሩ

ከአዲስ አበባ ተነሥተን በስተ ሰሜን ምሥራቅ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ስንጓዝ ደብረ ብርሃን እንደርሳለን። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2800 ሜትር ከፍ ብላ የተቀመጠች ናት። በኅዳርና በታኅሣሥ ማለዳ ሜዳው በውርጭ ነጭ ሆኖ ያድራል፤ እረኛውም ባናውን ተከናንቦ ፀሐይ እስክትሞቅ ድረስ ከበጎቹ መካከል ይቆማል። ከዚያ ወደ ምሥራቅ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ሄደን አንኮበር ስንደርስ ግን ሜዳው በድንገት ያልቃል። ከእግራችን በታች ገደል፣ ከገደሉ በታች ኮረብታ፣ ከኮረብታውም በታች እስከ አዋሽና እስከ አፋር በረሃ ድረስ የተዘረጋ ጭጋጋማ ቆላ ይታያል። በዚያ ጫፍ ላይ የቆመ ሰው ከባሕር ዳርቻ የቆመ ይመስለዋል።

በምዕራብም በኩል ቢሆን ነገሩ ከዚህ የራቀ አይደለም። የጀማ ወንዝና ገባሮቹ ደጋውን እንደ ማረሻ ሰንጥቀው ጥልቅ ሸለቆዎች አድርገውታል። እንግዲህ ደሴት ያልናት በዚህ ምክንያት ነው፤ በአንድ ወገን በረሃ፣ በሌላው ወገን ገደል ከቧታል። በስሟ የምትጠራና በ1970ዎቹ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ለሳይንስ የታወቀች ትንሽ ቡናማ ወፍ እንኳ አለቻት፤ ወፏ በኋላ በስሜን ተራሮችም ተገኝታለች።

የጓደኛችንም ጥያቄ መልሱን የሚያገኘው እዚህ ላይ ነው። የአንኮበር ጫፍ ውሃ የሚከፈልበት ጣሪያ ነው። ከጣሪያው በስተ ምዕራብ የወረደው ዝናብ በበሬሳ አድርጎ ወደ ጀማ፣ ከጀማ ወደ ዓባይ ይገባና ሱዳንንና ግብፅን አጥግቦ ሜዲቴራኒያን ባሕር ይደርሳል። በስተ ምሥራቅ የወረደው ግን አዋሽን ተከትሎ ወደ አፋር ይሄዳል፤ ማንኛውንም ውቅያኖስ ሳያይ በጅቡቲ ወሰን አጠገብ በአቤ ሐይቅ ይቀራል። አንድ ደመና ያዘነባቸው ሁለት ጠብታዎች እንዲህ ይለያያሉ።

ሀብቱ

በጥቂት ሰዓት የእግር መንገድ ውስጥ አራት አየር የሚገኝበት አገር ብዙ አይደለም። ከላይ በውርጩ ገብስና በግ፣ ዝቅ ሲል በደጋው ስንዴ፣ ባቄላና ምስር፣ ከዚያ በታች በወይና ደጋው ጤፍ፣ በቆላው ደግሞ ማሽላና ጥጥ ይበቅላሉ። የደጋው ሰው ከበጉ ጠጉር ባና፣ ዝተትና በርኖስ ይሠራል፤ የቆላው ሰው ጥጡን ፈትሎ ይሸምናል። በሽመናና በንግድ የታወቁት አርጎባዎች የሚኖሩት በዚሁ በደጋና በቆላ መካከል ባለው ተዳፋት ላይ ነው። አንዱ ያለው ሌላው የሌለው ስለሆነ ገበያ የግድ ይሆናል።

የገበያውም ራስ ከአንኮበር በታች ያለችው አልዩ አምባ ነበረች። በ19ኛው መቶ ዓመት ከታጁራ ወደብ የተነሣ ቅፍለት በአፋር በረሃ ከአንድ ወር በላይ ተጉዞ እዚያ ይደርስ ነበር። ከባሕር ጨው፣ ጨርቅ፣ መዳብና ጠመንጃ ይመጣል፤ ከደጋው ደግሞ የዝሆን ጥርስ፣ ቡና፣ ሙጫና እህል ይወርዳል። አሞሌ ጨውና የማርያ ቴሬዛ ብር የመገበያያ ገንዘብ ነበሩ። ይህን ሁሉ ስንቆጥር አንዱን ሸቀጥ ብንደብቅ እውነተኞች አንሆንም፤ በዚያው መንገድ ላይ ሰውም ይሸጥ ነበር። የአልዩ አምባ ብልጽግና ከፊሉ ከባሮች ዋጋ የተገኘ መሆኑን አውቀን ነው የምናደንቀው።

አገዛዙ

የሸዋ መሳፍንት የቤታቸውን መሠረት የጣሉት በ17ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ከመንዝ በተነሡት በነጋሲ ክርስቶስ ነው። ዘሮቻቸው ቀስ በቀስ ወደ ደቡብ ወደ አንኮበር ተሻገሩ። ከሁሉ ይልቅ ስማቸው የሚጠራው ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ከ1805 እስከ 1840 ዓ. ም. ገዙ። ጎንደር በመሳፍንት ጠብ ስትታመስ በሸዋ በአንጻሩ ሥርዓት የቆመ መንግሥት ነበር።

የሥርዓቱ ምሥጢር ሁለት ነው። አንደኛው በር ነው። ከቆላው የሚመጣ ነጋዴም ሆነ እንግዳ በይፋት በኩል ሳያልፍ ወደ ደጋው መውጣት አይችልም ነበር። ይፋትን የሚያስተዳድሩት በዘር የሚተካኩት እስላም ሹሞች፣ ወላስማዎቹ፣ ቀረጡንና መንገዱን ይጠብቃሉ። ክርስቲያን ንጉሥ የመንግሥቱን በር ለእስላም ሹም አደራ መስጠቱ፣ አገር በእምነት ብቻ ሳይሆን በአደራም እንደሚያዝ ያሳያል። ሁለተኛው ጎተራ ነው። ከገባሩ የሚሰበሰበው እህል በንጉሡ ጎተራዎች ይከማች ነበርና በ1827 ዓ. ም. ገደማ ዝናብ ጠፍቶ ረሀብ በደረሰ ጊዜ ጎተራው ተከፍቶ ለሕዝቡ መከፈሉን በዘመኑ የመጡ መንገደኞች ጽፈዋል።

ዳሩ ግን ያው አገዛዝ ሌላም ገጽ ነበረው። የግምጃ ቤቱ ሀብት ከገበሬው ጉልበትና በጎረቤት የኦሮሞ አገሮች ላይ ከሚደረገው ዘመቻ ጭምር የመጣ ነው። የንጉሡ የገዛ ሥጋ ዘመዶች ዙፋን እንዳይሻሙ በጎንቾ እስር ቤት ታስረው ለብዙ ዓመት ተቀመጡ፤ በኋላ ግን ንጉሡ ራሳቸው ፈቷቸው። ውሃ የሚያዞረው ወፍጮ በአንኮበር ተሠርቶ ሳለ «የሰይጣን ሥራ ነው» ተብሎ መተዉም ተጽፏል። ገደሉ ጠላትን እንደሚከለክል ሁሉ አንዳንድ ጊዜ ዕውቀትንም ይከለክላል።

ሁለት ውሎች በአንድ ዓመት

አሁን ወደ ሰላማዊ ውቅያኖስ እንመለስ። በኅዳር ወር 1834 ዓ. ም. ከቦምቤይ የተላከው እንግሊዛዊ ካፒቴን ዊሊያም ኮርንዋሊስ ሐሪስ ከንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ጋር የወዳጅነትና የንግድ ውል ተፈራረመ። ውሉ 16 አንቀጾች ነበሩት፤ በአገሩ የሞተ እንግዳ ንብረት ለንጉሡ ይሆን የነበረው ልማድም በዚሁ ውል ቀረ። በ1835 ዓ. ም. ደግሞ ፈረንሳዊው ሮሼ ዴሪኩር በንጉሥ ሉዊ ፊሊፕ ስም ሌላ ውል አደረገ። ሣህለ ሥላሴ ከሁለቱም ስጦታና መሣሪያ ተቀበሉ፤ ለአንዳቸውም ግን ራሳቸውን አልሰጡም።

በዚያው በ1834 ዓ. ም. ማለቂያ፣ የፈረንሳይ የጦር መርከብ በታሂቲ ደሴት መልሕቁን ጥሎ ሳለ ንግሥት ፖማሬ አራተኛዋ አገሯን ከፈረንሳይ ጥበቃ በታች የሚያደርግ ወረቀት ተፈረመባት። በ1872 ዓ. ም. ልጇ ፖማሬ አምስተኛ ደሴቲቱን ጨርሶ ለፈረንሳይ ለቀቀ። ዛሬ ታሂቲ የፈረንሳይ ፖሊኔዥያ ዋና ደሴት ናት። ከመቶ በላይ የሆኑት ደሴቶች እንደ አውሮፓ በሰፋ ባሕር ላይ የተበተኑ ሲሆኑ፣ ሕዝባቸው ግን ሦስት መቶ ሺህ አይሞላም። በፓፔኤቴ የራሳቸው ፕሬዚዳንትና 57 አባላት ያሉት ሸንጎ አሏቸው፤ መከላከያ፣ ፍርድና ገንዘብ ግን በፓሪስ እጅ ነው። የሚተዳደሩት በአገር ጎብኚ፣ በጥቁር ሉልና ከፈረንሳይ በሚመጣ ድጎማ ነው። ከ1958 እስከ 1988 ዓ. ም. ፈረንሳይ በእነዚሁ ደሴቶች 193 የኑክሌር ቦምብ ሙከራ አድርጋለች። በፓሪስ አጠገብ ያልተሞከረው እዚያ የተሞከረው ለምን እንደ ሆነ አንባቢ ራሱ ይፍረድ።

የሁለቱ ዕጣ የተለያየው የእኛዎቹ ነገሥታት ብልሆች፣ የእነርሱ ንግሥት ሞኝ ስለሆነች አይደለም። በታሂቲ የጦር መርከብ እስከ ቤተ መንግሥቱ ደጃፍ ይደርሳል። ወደ አንኮበር የሚመጣ መድፍ ግን አንድ ወር በረሃ አቋርጦ ገደል መውጣት አለበት። መሬቱ ለነገሥታቱ የማሰቢያ ጊዜ ሰጣቸው፤ የነገሥታቱ ብልሃት ያንን ጊዜ በደንብ መጠቀማቸው ነው።

በሩ ሲዘጋ

የመከራው ዘመን ሲያልፍ ያው ገደል ሌላ ፍርድ ፈረደ። አጼ ቴዎድሮስ በ1848 ዓ. ም. ሸዋን ሲይዙ ወጣቱ ምኒልክ ተማርኮ ሄደ፤ በ1857 ዓ. ም. ከመቅደላ አምልጦ ተመለሰና ነገሠ። በ1870 ዓ. ም. በደብረ ብርሃን አጠገብ በልቼ ከአጼ ዮሐንስ ጋር ታረቀ። ከዚያ መንግሥቱ ወደ እንጦጦ፣ በ1879 ዓ. ም. ደግሞ ወደ አዲስ አበባ ወረደ። የጅቡቲ ምድር ባቡር በ1895 ድሬዳዋ፣ በ1909 ዓ. ም. አዲስ አበባ ሲደርስ የታጁራ ቅፍለት ዋጋ አጣ። አንኮበር ቤተ መንግሥቷንና ገበያዋን በአንድ ትውልድ ዘመን ውስጥ አጣች።

ደብረ ብርሃን ግን በተቃራኒው መንገድ አገኘች። አጼ ዘርዐ ያዕቆብ በ15ኛው መቶ ዓመት የመሠረቷት ይህች ከተማ ከአዲስ አበባ ወደ ደሴና ወደ አሥመራ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ ናት። የብርድ ልብስ ፋብሪካዋ በ1957 ዓ. ም. ተከፈተ፤ የመንዝ በግ ጠጉር ከእጅ ሥራ ወደ ማሽን ገባ። ዩኒቨርሲቲዋ በ1999 ዓ. ም. ተቋቋመ፤ የቢራ ፋብሪካዎችና የኢንዱስትሪ ፓርክም ተተክለዋል። ትናንት የተጉለትና ቡልጋ አውራጃ ከተማ የነበረችው ዛሬ የሰሜን ሸዋ ዞን መቀመጫ ናት። አርባ ኪሎ ሜትር ብቻ የሚራራቁ ሁለት ከተሞች ዕጣቸው የተለየው አንዷ በመንገድ ላይ፣ ሌላዋ በመንገድ መጨረሻ ላይ በመሆናቸው ነው።

አንኮበር በሄድን ጊዜ ወደ ቤተ መንግሥቱ ኮረብታ ያደረሱን አንድ አዛውንት ነበሩ። ከአሮጌው ግንብ የቀረውን ጥቂት ግድግዳ አሳዩንና እኛ ስናዝን አይተው፣ «ልጆቼ፣ ድንጋይ ቢፈርስ ይካባል፤ ንጉሥም ይሄዳል፣ ሌላ ይመጣል። እኔን የሚያሳዝነኝ የሚሄዱት ልጆች ናቸው። ተምረው ይሄዳሉ፤ ከሄዱም በኋላ የሚልኩልን ደብዳቤ ነው» አሉን። እኛም «አባታችን፣ ምን ይላክላችሁ?» ብለን ብንጠይቃቸው፣ ቁልቁል ወደ ተዳፋቱ እያመለከቱ፣ «አፈሩን የሚያቆምልን ሰው» ብለው መለሱልን።

ለዚህ መልስ አልነበረንም። በእርግጥም ከዚያ ከፍታ ላይ ክረምት በመጣ ቁጥር አንዱ አፈር ወደ ዓባይ፣ ሌላው ወደ አዋሽ ይወርዳል። ኩበቱ ለማገዶ ስለሚነድ ማሳው ሳይዳብር ይታረሳል። ባሕር ዛፍ ለማገዶና ለቤት መሥሪያ ቢረዳም አፈር አያስርም። ትናንት ረሀብን የመከተው ጎተራ ዛሬ በእርከን፣ በጥሩ ዘርና በጥርጊያ መንገድ መተካት አለበት።

ተማሪዎችና ወጣት ሹማምንት የሆናችሁ አንባቢዎቻችን ሆይ! «ለሥራ ወደ ወረዳ ተመድበሃል» የሚል ደብዳቤ ሲደርሰን ብዙዎቻችን እንደ ግዞት እንቆጥረዋለን። እኛም ከዚህ ስሜት ነፃ አልነበርንም። ነገር ግን የታሂቲ ሰዎች በራሳቸው መሬት ላይ የሚፈነዳውን ቦምብ እንኳ ለመከልከል ሥልጣን ያጡት አገራቸውን የሚወስንላት ሌላ ስለሆነ ነው። እኛ ለመወሰን ነፃነቱ አለን፤ የሚወስነው ሰው ግን በቦታው ካልተገኘ ነፃነቱ በወረቀት ላይ ይቀራል።

ጓደኛችን ዛሬ የበሬሳ ውሃ የት እንደሚደርስ ያውቃል፤ ይህን ጽሑፍ ሲያነብ እንደሚስቅብን አንጠራጠርም። አሁን የቀረው ጥያቄ ሌላ ነው፤ ይኸውም ውሃው ይሂድ፣ መሄጃው ነውና፤ አፈሩንና ልጆቹን ግን ማን ያስቀርልን? የሚል ነው። መልሱንም ከሩቅ ደሴት ሳይሆን ከእኛው ከራሳችን እንጠብቃለን።