ሻንጣ ውስጥ የማይገባ ጌም

የቶሮንቶ ሕዝብ ቤተ መጻሕፍት መጽሐፍ ብቻ አያውስም፤ የፕሌይስቴሽን፣ የኤክስቦክስና የኒንቴንዶ ስዊች ጌምም ያውሳል። ሬክስዴል በሚባለው የከተማው ሰፈር፣ አልቢየን ጎዳና ላይ ያለው ቅርንጫፍ በ2017 አዲስ ሕንፃ ውስጥ ገብቷል (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። የቤተ መጻሕፍቱ ካርድ ያለው ልጅ ሲዲውን ያለ ክፍያ ይዞ ይወጣል፤ ከ2022 ወዲህ ደግሞ ቢያዘገየውም የመዘግየት ቅጣት የለበትም። ችግሩ ቤት ሲገባ ነው። ወላጆቹ በዋጋው መርጠው የገዙለት ኤክስቦክስ ሲሪስ ኤስ ከሆነ ማሽኑ ሲዲ የሚያስገባበት ቀዳዳ የለውም። ማይክሮሶፍት በ2020 ሲያወጣው ሆን ብሎ እንዲያ ሠራው። ሶኒም በ2024 ያወጣው ውዱ ፕሌይስቴሽን 5 ፕሮ የሲዲ ማጫወቻው ለብቻው ካልተገዛለት በቀር ያው ነው። ለእንዲህ ዓይነቱ ማሽን ጌም የሚገኘው እዚያው ማሽኑ ውስጥ ካለው ሱቅ ነው።

ሱቆቹ ብዙ ናቸው። ኮንሶሎቹ የየራሳቸው አላቸው፤ በስልክ በኩል ጉግል ፕሌይና አፕ ስቶር አሉ፤ በኮምፒውተር ደግሞ ስቲም፣ ኤፒክና ጎግ። ከኮምፒውተሮቹ ሱቆች ትልቁ ግን ስቲም ነው። ቫልቭ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በሴፕቴምበር 2003 ሲከፍተው ዋና ሥራው ካውንተር ስትራይክን የመሳሰሉትን የራሱን ጌሞች በኢንተርኔት ማደስ ነበር። በቀጣዩ ዓመት የራሱ የቫልቭ ጌም ሃፍ ላይፍ 2 ሲወጣ ሲዲውን ከሱቅ የገዛው ሰው እንኳ የስቲም አካውንት ካልከፈተ መጫወት እንደማይችል ተነገረው። የዚያን ጊዜው ተጫዋች ተቆጣ፤ ሰርቨሮቹም በሰዉ ብዛት ተጨናነቁ። ቁጣው አለፈ፣ አሠራሩ ግን ቀረ። ከ2005 ጀምሮ ስቲም የሌሎችን ኩባንያዎች ጌም መሸጥ ያዘ፤ ዛሬ የኮምፒውተር ጌም ገበያ ሲባል በመጀመሪያ የሚታሰበው እሱ ነው።

አሠራሩ ቀላል ነው። ገንዘቡ ሲከፈል ጌሙ በገዢው አካውንት ላይ ይመዘገባል። ከዚያ ፋይሉ ይወርዳል። ትልልቆቹ ጌሞች ከ100 ጊጋባይት ስለሚበልጡ አንድ ኢንተርኔት ለአራት በሚካፈሉበት አፓርታማ ውስጥ ማውረዱ ሌሊቱን ሊያድር ይችላል፤ እናት ወደ አዲስ አበባ በቪዲዮ ስትደውል ስልኩ የሚቆራረጠውም ያን ጊዜ ነው። ወርዶ ሲያበቃ ሱቁ አካውንቱን አይቶ ይከፍተዋል። ገዢው እጅ ላይ ያለው እንግዲህ ይኸው የመጫወት ፈቃድ ነው። ፈቃዱ አይሸጥም፣ አይለወጥም፣ በስቲም ውል መሠረት አካውንቱ ለሌላ ሰው አይተላለፍም። ከ2025 መጀመሪያ አንሥቶ የካሊፎርኒያ ሕግ ሱቆች ይህንኑ ለገዢው በግልጽ እንዲነግሩ ያስገድዳል።

ይህን ሁሉ እያወቀ ሰው ለምን ይገዛል? አንደኛው ምክንያት ዋጋ ነው። ካናዳ ውስጥ ብዙዎቹ ትልልቅ አዳዲስ ጌሞች በ89.99 ዶላር ይወጣሉ። የኦንታሪዮ 13 ከመቶ ታክስ ሲታከልበት 101.69 ይሆናል፤ የውጭ አገር የኢንተርኔት ሱቆችም ከጁላይ 2021 ወዲህ ታክሱን መሰብሰብ ግዴታቸው ነው። በስቲም የበጋና የክረምት ቅናሽ ወቅት ግን ዓመት ሁለት ዓመት የቆየ ጌም በግማሽ ዋጋና ከዚያም በታች ይገኛል። ኤፒክ ከተከፈተበት ከዲሴምበር 2018 ጀምሮ በየጊዜው ጌም በነጻ ሲያድል ኖሯል። በ2024 የተጀመረው የስቲም ቤተሰብ አሠራር ደግሞ በአንድ ጣሪያ ሥር ያሉ እስከ 6 ሰዎች ጌሞቻቸውን እንዲጋሩ ይፈቅዳል፤ አንዷን ግልባጭ ሁለት ሰው በአንድ ጊዜ መጫወት ባይችልም። ሦስት አራት ልጅ ላለው ቤት ይህ ትልቅ እፎይታ ነው።

ሁለተኛው ምክንያት ጌም በሱቅ መደርደሪያ ብቻ ይሸጥ በነበረበት ዘመን ፈጽሞ የማይገኝ ጌም መገኘቱ ነው። ለዚህ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ቪሳይ ጌምስ የተባለ አነስተኛ የቶሮንቶ ስቱዲዮ በ2023 ቬንባ የሚባል ጌም አወጣ። በ1980ዎቹ መጨረሻ ከታሚል አገር ወደ ቶሮንቶ የመጣች እናት ታሪክ ነው። ከእናቷ የወረሰችው የምግብ አሠራር ደብተር ተቀዳዷል፤ ጽሑፉ በከፊል ጠፍቷል። ተጫዋቹ የቀረውን እያየ፣ የጎደለውን እየገመተ ያበስላል። በመሐል ልጇ ካናዳዊ እየሆነ፣ የምሳ ዕቃው ውስጥ ያለው ምግብ እያሳፈረው ያድጋል። የእንጀራ ምሳ ይዞ ትምህርት ቤት የሄደ ማንኛውም የሐበሻ ልጅ ይህን ታሪክ ያለ አስተርጓሚ ይገባዋል። ቬንባ በ2024 የብሪታንያውን የባፍታ ሽልማት በመጀመሪያ ሥራ ዘርፍ ወሰደ። ለሺህ ሱቆች ሲዲ አሳትሞ የማከፋፈል ግዴታ ቢኖርበት ኖሮ ገንዘብ የሚያወጣለት ማግኘቱ ያጠራጥራል። ስቲም ላይ አንድ ጌም ለማቅረብ ከ2017 ወዲህ የሚከፈለው 100 የአሜሪካ ዶላር ነው።

ለአነስተኛ ሠሪዎች የተከፈተው ይኸው በር ግን የራሱ መዘዝ አለው። ስቲም ከ2015 ጀምሮ ጌሙን በገዛ በ14 ቀን ውስጥ፣ ከ2 ሰዓት በታች ለተጫወተ ሰው ገንዘቡን ይመልሳል። ለገዢ ግሩም ነው። ቬንባ ግን በ2 ሰዓት ውስጥ የሚያልቅ ጌም ነው፤ ጨርሶ፣ ወድዶ፣ ገንዘቡን የሚያስመልስ አይጠፋም። ኢሚካ ጌምስ የተባለ አነስተኛ ሠሪ በ2021 አጭር ጌሙን ተጫዋቾች እየጨረሱ ስለመለሱበት ሥራውን ላልተወሰነ ጊዜ እንደሚያቆም በይፋ ተናግሯል።

ከሁሉም በላይ የስደተኛውን ቤት የሚነካው ግን የፈቃዱ ነገር ነው። በሐበሻ ቤት ዕቃ ከአንድ ሰው ጋር አያረጅም። የታላቁ ጃኬት ለታናሹ፣ የታናሹ ስልክ አገር ቤት ላለው የአጎት ልጅ ይተርፋል፤ ወደ አዲስ አበባ የሚበር ሰው ሻንጣው ውስጥ የሌላ ሰው ዕቃ ያልያዘ እንደሆነ ነው የሚገርመው። ፊፋ የተባለው የኳስ ጌም ሲዲም በዚሁ መንገድ ስንት ጊዜ ተጉዟል። አዲስ አበባ ያሉት የፕሌይስቴሽን ቤቶች፣ ልጆች በየጨዋታው ከፍለው ኳስ የሚጫወቱባቸው፣ በሲዲ የቆሙ ነበሩ፤ ብዙው የተቀዳ፣ ጥቂቱ ከውጭ የመጣ። ከሱቁ የወረደ ጌም ግን ሻንጣ ውስጥ አይገባም።

እንግዲያው የስጦታ ካርድ ይላክ ይባላል። ሬክስዴል ያለች አክስት ከመድኃኒት መደብሩ የ50 ዶላር የፕሌይስቴሽን ካርድ ትገዛለች፤ ጀርባውን ትፍቅና ቁጥሩን ፎቶ አንሥታ ባሕር ዳር ላለው የእህቷ ልጅ በቴሌግራም ትልካለች። ልጁ ቁጥሩን ያስገባል፤ አይቀበልም። ምክንያቱ ይህ ነው፤ የሶኒ የፕሌይስቴሽን አገልግሎት ኢትዮጵያን ከሚያገለግላቸው አገሮች ዝርዝር ውስጥ አላስገባም። ስለዚህ አገር ቤት ያለ ተጫዋች የሌላ አገር፣ ብዙ ጊዜም የአሜሪካ፣ አድራሻ ሰጥቶ ነው አካውንት የሚከፍተው። የካናዳ ካርድ ደግሞ ለካናዳ አካውንት ብቻ ይሠራል። አክስቲቱ ካርዱን ከመግዛቷ በፊት «አካውንትህ የየት አገር ነው?» ብላ መጠየቅ ነበረባት፤ ይህን ግን ማን ነግሯት? የስቲም ካርድ ይሻላል፤ በአብዛኛው የካናዳው ዶላር ወደ ተቀባዩ ገንዘብ ተመንዝሮ ይገባል። በቀጥታ በኢንተርኔት መላክ የፈለገ ደግሞ በስቲም ላይ ከተቀባዩ ጋር ቢያንስ ለ3 ቀን ጓደኛ ሆኖ መቆየት አለበት።

የአገር ዝርዝሩ ነገር ምን ያህል እንደሚያቆስል በሜይ 2024 ታይቷል። ሄልዳይቨርስ 2 የተባለው የሶኒ ጌም በስቲም ከወጣ ሦስት ወር ሊሞላው ሲል ሶኒ የኮምፒውተር ተጫዋቾችም የፕሌይስቴሽን አካውንት ይክፈቱ የሚል ግዴታ አመጣ። አገልግሎቱ በሌለባቸው 177 አገሮችና ግዛቶች ጌሙ ከስቲም ሽያጭ ወረደ። ዓለም አቀፍ ጩኸት ሆነ፤ ሶኒ በቀናት ውስጥ ግዴታውን ሰረዘ፤ የሽያጭ እገዳው ግን ወዲያው አልተነሣም።

አገር ቤት ላለው ተጫዋች ሌላው ግድግዳ ገንዘብ ነው። ስቲም በብር አይሸጥም፤ ቴሌብርም እዚያ የለም። በጁላይ 2024 መጨረሻ የውጭ ምንዛሬው ለገበያ ከመለቀቁ በፊት ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበርና የ60 ዶላር ጌም 3,400 ብር አካባቢ ይመጣ ነበር። ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ 100 ብርን ሲያልፍ ያው ጌም ከ6,000 ብር በላይ ሆነ። የተቀዳ ሲዲ ነጋዴ ለምን እንደማይጠፋ ከዚህ በላይ ማስረጃ አያሻም።

ጌም ከሱቅ የሚነሣበት ጊዜም አለ። የፊፋን ጌሞች ይሠራ የነበረው ኢኤ የተባለው ኩባንያ ከእግር ኳስ ፌዴሬሽኑ ከፊፋ ጋር የነበረው የስም ውል ሲያበቃ በሴፕቴምበር 2023 ከፊፋ 14 እስከ ፊፋ 23 ያሉትን ጌሞቹን ከኢንተርኔት ሱቆች አወረደ። ቀድሞ የገዛ አሁንም ማውረድ ይችላል፤ ያልገዛ ግን ሲዲውን ከመፈለግ ሌላ ምርጫ የለውም። ሌላው የጌም ኩባንያ ዩቢሶፍት የባሰውን አደረገ። በ2014 ያወጣው ዘ ክሩ የተባለ የመኪና እሽቅድምድም ጌም የሚሠራበትን ሰርቨር በማርች 31 ቀን 2024 ዘጋው፤ ጌሙ ብቻውን ለሚጫወትም ሰርቨሩን ይፈልግ ነበርና ሲዲውን በእጁ የያዘም ሰው መጫወት አልቻለም። እዚህ ላይ ሲዲን እንደ ዋስትና ማየት ራስን ማታለል ይሆናል፤ አንዳንዱ ሲዲ ቁልፍ እንጂ ጌሙ ራሱ አይደለም።

ሬክስዴል ያለ ተጫዋች ኢንተርኔት ቢቋረጥ ምን እንደሚሆን በጁላይ 8 ቀን 2022 አይቶታል። ያን ዕለት ሮጀርስ የተባለው የስልክና የኢንተርኔት ኩባንያ ኔትወርክ በመላ ካናዳ ተቋረጠ፤ ከ12 ሚሊዮን በላይ ደንበኞች ተነኩ፤ የባንክ ካርድ ክፍያ እንኳ ቆመ። አንድ ቀን ነበርና አለፈ። በአማራ ክልል ግን ከኦገስት 2023 ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተዘግቶ ቆይቷል። ስቲም ያለ ኢንተርኔት የሚሠራበት መንገድ አለው፤ ግን ጌሙ አስቀድሞ ተጭኖ፣ አካውንቱ በኢንተርኔት ተከፍቶ መሆን አለበት። መቋረጡን ቀድሞ ላላወቀ ሰው ይህ ምክር እምብዛም አይጠቅምም።

ከዚህ ሁሉ የሚያመልጥ አንድ ሱቅ አለ። የፖላንዱ ሲዲ ፕሮጀክት በ2008 የከፈተው ጎግ፣ ጌሙን ያለ ቁልፍ ይሸጣል። የገዛው ሰው የመጫኛውን ፋይል አውርዶ ፍላሽ ላይ ያስቀምጠዋል፤ ኢንተርኔት ባይኖርም፣ ሱቁ ራሱ ቢዘጋም ይሠራል። ውሉ ለሌላ ማደልን ባይፈቅድም፣ ባለቤቱ ራሱ ፍላሹን ይዞ ባሕር ዳር ቢሄድ የሚከለክለው የለም። ጉድለቱ ምርጫው ማነሱ ነው። ልጆች የሚለምኑት የኢኤ የኳስ ጌም እዚያ አይሸጥም።

ወላጆችን የሚያስጨንቀው ደግሞ ሌላ ነው፤ በአካውንቱ ላይ ተቀምጦ የሚቀር የባንክ ካርድ። የአሜሪካው የንግድ ተቆጣጣሪ ኤፒክ በሠራው ፎርትናይት በተባለው ጌም ውስጥ ባለው የግዢ አዝራር አቀማመጥ የተነሣ ሰዎች፣ ልጆችም ጭምር፣ ሳያስቡት ከፍለዋል ብሎ ኤፒክን ከሰሰ፤ ኩባንያው በዲሴምበር 2022 ለተመላሽ 245 ሚሊዮን ዶላር ሊከፍል ተስማማ። ነጻ ተብሎ የሚወርድ ጌም ገቢው በአብዛኛው ጌሙ ውስጥ ከሚፈጸም ግዢ ነው። ካርዱን አጥፍቶ የስጦታ ካርድ ብቻ መጠቀም፣ በየማሽኑ ላይም የወላጅ መቆጣጠሪያውን መክፈት የአሥር ደቂቃ ሥራ ነው።

ገንዘቡ ከገዢው ከወጣ በኋላስ ማን ይወስደዋል? ጌም ሠሪዎች በሁለቱም አገር አሉ፤ ሬክስዴል ውስጥ ያለው የሐምበር ፖሊቴክኒክ ሰሜን ካምፓስ የጌም ፕሮግራሚንግ ትምህርት ይሰጣል፤ አዲስ አበባም ኩኩሉንና ገበጣን ለስልክ የሠራው ቅኔ ጌምስ አለ። ከሐምበር የወጣ ወጣት ጌሙን በ20 ዶላር ስቲም ላይ ቢሸጥ 6ቱን ስቲም ይወስዳል፤ ድርሻው 30 ከመቶ ነውና። በ2018 የወጣው ቅናሽ አንድ ጌም ከ10 ሚሊዮን ዶላር በላይ በሚያስገባው ላይ 25፣ ከ50 ሚሊዮን በላይ በሚያስገባው ላይ 20 ከመቶ ያደርገዋል፤ ማለትም ቅናሹ የሚደርሰው ለማይቸግረው ነው። ኤፒክ ሲከፈት 12 ከመቶ ብቻ ጠየቀ፤ ከጁን 2025 ወዲህ ደግሞ አንድ ጌም በዓመት እስከሚያስገባው የመጀመሪያ 1 ሚሊዮን ዶላር ድረስ ምንም አይወስድም። ያም ሆኖ አብዛኛው ሠሪ መጀመሪያ የሚያንኳኳው የስቲምን በር ነው። ገዢው እዚያ ነው ያለው፤ አሥር ዓመት ሙሉ የገዛቸውን ጌሞች ወደ ሌላ ሱቅ ይዞ መውጣት ስለማይችል ቀጣዩንም ከዚያው ይገዛል።