ሶንጎና ገመድ

ጥቅምት ሲጠባ በጌዴኦ ዞን አሪቻ ላይ የእሸት ቡና ለቀማ ይጀመራል። ጎረቤቱ ጥሬውን ከቀዩ ቀላቅሎ ሲያስረክብ ያየ ገበሬ፣ የራሱን እየመረጡ መልቀም ሞኝነት ይመስለዋል። ሁሉም ቀዩን ብቻ በሚለቅምበት መንደር ደግሞ ጥሬ ይዞ ማጠቢያ ጣቢያ መቅረብ ያሳፍራል። ገበሬው ያው ነው፤ የተለወጠው ዙሪያው ነው። የማኅበራዊ ሥነ ልቦና ጉዳይም ይኸው ነው።

ዘርፉ ሥራን በመለካት ተነሣ። አሜሪካዊው ኖርማን ትሪፕሌት እ.ኤ.አ. በ1898 ብስክሌተኞች ከተፎካካሪ ጋር ሲሆኑ እንደሚፈጥኑ ጻፈ። ፈረንሳዊው ማክስ ሪንግልማን በ1913 ያሳተመው የገመድ ጉተታ ውጤት ግን ሌላ ነበር፤ ስምንት ሰዎች አብረው ሲጎትቱ የእያንዳንዱ ጉልበት ብቻውን ከሚጎትትበት ወደ ግማሽ ይወርዳል። ሃምሳ ሎሚ ለሃምሳ ሰው ጌጥ የሚሆነው፣ ማን ስንት እንደያዘ ሲታይ ነው ማለት ነው። ደቦ ላይ መለገም የሚከብደውም ለዚህ ነው፦ ሰው በጎረቤቱ ዐይን ሥር ይቆፍራል፤ ነገም ተራው የእሱ ነው።

ቀጥሎ ተመራማሪዎች ወደ ፍርድና ወደ ኅሊና ዞሩ። ሰለሞን አሽ በ1950ዎቹ የመስመሮችን ርዝመት ሲያስገምት፣ ቀድመው የተመከሩ ሰዎች ሆን ብለው በአንድ ድምፅ ተሳሳቱ። ከተፈታኞቹ ሦስት አራተኛው ቢያንስ አንዴ ዐይናቸውን ክደው ተከተሏቸው። በስታንሊ ሚልግራም የ1963 ጥናት ደግሞ ከ40 ወንዶች 26ቱ፣ ባለሙያው ቀጥሉ ስላላቸው፣ ሌላውን ሰው በ450 ቮልት የነዘሩ እየመሰላቸው እስከ መጨረሻው ሄዱ። በሁለቱም ሙከራዎች ግን ከጎን እምቢ የሚል ሲገኝ ነገሩ ተቀየረ፤ ሁለት ባልደረቦች አሻፈረኝ ባሉበት የሚልግራም ሙከራ እስከ መጨረሻው የዘለቁት ከ40 አራት ብቻ ነበሩ።

ኩርት ሌዊን በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን የቤት እመቤቶችን ልብና ኩላሊት እንዲያበስሉ ለማሳመን ሞከረ። ንግግር ብቻ ከሰሙት 3 በመቶ፣ ተወያይተው ከወሰኑት 32 በመቶ አበሰሉ። የጌዴኦ ሶንጎ የቆመው በዚሁ መንገድ ነው፤ ሽማግሌዎችና የመንደሩ ሰው ተቀምጠው፣ እስኪግባቡ ተነጋግረው ይወስናሉ። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2023 በዓለም ቅርስነት የመዘገበው የጌዴኦ መልክዓ ምድር፣ ቡናው ከእንሰቱና ከትልልቁ ዛፍ ጋር እንደቆመ የዘለቀው፣ እንዲህ ያለ የጋራ ደንብ ስላለ ጭምር ነው።

ቡድን ድንበርም ያበጃል። ሄንሪ ታጅፌል በ1971 ተማሪዎችን በከንቱ ምክንያት ሲከፋፍል እንኳ ለራሳቸው ወገን አደሉ። እ.ኤ.አ. በ2018 በጌዴኦና በምዕራብ ጉጂ በተነሣ ግጭት በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ከቀያቸው ተፈናቀሉ፤ ሁለቱ ሕዝቦች ደም ሲፈስ የሚታረቁበት የጎንዶሮ ሥርዓት እያላቸው። እንዲህ ያለ ድንበር እንዴት እንደሚሻገሩት ያሳየው ሙዛፈር ሸሪፍ ነው፤ በ1954 ኦክላሆማ ውስጥ ሁለት የልጆች ቡድን አጋጭቶ ነበር፤ አብሮ መብላት አላስታረቃቸውም። የምግብ መኪናቸው ቆመ ሲባል ግን እርስ በርስ የተጓተቱበትን ገመድ አምጥተው፣ መኪናውን በአንድ ወገን ሆነው ጎተቱት።